ጠበልና መርፌ ይዘን ወደ ወገራ

ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት የተነሳው አውቶቡስ አዘዞን አልፎ ጎንደር ሲገባ መሽቶ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ጥር 8 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ ለጥምቀት ሦስት ቀን ቀርቶታል። ልጄ ጉልበቷ ላይ ባዶ ቢጫ ጀሪካን አቅፋለች። እኔ በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት የኢንሱሊን ጠርሙሶች ይዣለሁ። በመካከላችን የተቀመጠው የ14 ዓመቱ የልጅ ልጄ ሁለታችንም ምን እንደያዝን ያውቃል፤ መንገዱን ሙሉ ግን ያወራን ስለ እግር ኳስ ብቻ ነው።

ልጁ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ውኃ በጆግ መጠጣት ጀመረ፤ ሌሊት ሌሊት ለሽንት ይመላለሳል፤ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ አስቸገረው። እናቱ «ቁመት እየጨመረ ነው» አለች። ዕድሜዬን ሙሉ በነርስነት የኖርኩት እኔም «እውነትሽን ነው» አልኳት። ትንፋሹ እንደበሰለ ፍራፍሬ ሲሸትና አተነፋፈሱ ሲከብድ ነው የነቃሁት። ሆስፒታል ስናደርሰው ራሱን ሊስት ምንም አልቀረውም። ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት አቁሟል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ ይወጋል። ይህኛው ዓይነት ስኳር በክኒን አይመለስም፤ ጣፋጭ በመተውም አይድንም።

እናቱ ተሳለች። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የወገራ ሰው ነው። እሷንም ክርስትና ያነሳናት በአባቷ ደብር ነው። እዚያ ያለው ጠበል አገር የሚያውቀው ነውና ልጇን ወስዳ ሰባት ቀን ልታስጠምቀው ቃል ገባች። በስለቱ እኔም ቅር አላለኝም። የከፋው ነገር ቆይቶ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ጠበል የሚያጠምቅ አንድ ሰው «መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ ጠበሉ አይሠራለትም፤ አንዱን ምረጡ» ብሎ ነገራት።

«ለሰባት ቀን ብቻ ነው እማዬ» አለችኝ።

እንዲህ ላለ ልጅ ኢንሱሊን ለሰባት ቀን ቢቋረጥበት ሰባተኛውን ቀን ላያይ ይችላል። ይህን ነገርኳት። ሰማችኝ፤ ጀሪካኑን ግን ከመግዛት አልተመለሰችም። ባልሄድ ብቻዋን ይዛው ትሄድ ነበርና ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ጮኬ ያልተጣላኋትም በምክንያት ነው፤ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ጎንደር ለእኔ የወጣትነት ከተማ ናት። በ1964 ዓ.ም. በኮሚኒቲ ነርስነት የተመረቅኩት ሰዉ «ጤና ኮሌጅ» እያለ በሚጠራው ትምህርት ቤት ነው። ኮሌጁ ለምን እንደተከፈተ መምህሮቻችን ገና ከጅምሩ ነግረውናል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1953 በደምቢያ ሜዳ፣ ጣና ዳር፣ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ ኮሌጁ ተከፈተና የጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን እያሠለጠነ ወደ ገጠር መላክ ያዘ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ከዚያ ነው። እንግዲህ ትምህርት ቤታችን ከዚያን ያህል ለቅሶ የተወለደ ስለሆነ እኛም ተማሪዎቹ ራሳችንን እንደ አዳኝ እንቆጥር ነበር። ነጭ ገዋናችንን አስተኩሰን በፒያሳ ስናልፍ መንገዱ የእኛ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ልጁን ይዤ ቁስቋም ወጣሁ። የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ፈርሶም ግርማ አለው። እዚያ የተቀመጥነው ለሽርሽር ብቻ አልነበረም፤ ልነግረው የፈለግሁት ነገር ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1770 ጎንደር ሲደርስ በዚህ ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። በጉዞ መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ከዋልድባ የመጣ አንድ ባሕታዊ በቆርቆሮ ላይ በቀለም ይጽፍና ጽሑፉን በውኃ አጥቦ ለሕመምተኛው ያጠጣ ነበር። ብሩስ የተማረ ሐኪም አልነበረም፤ ሐለብ ከተማ ካለ ሐኪም ወዳጁ የቀሰመውን ይዞ ገባ። በርና መስኮቱን አስከፈተ። ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ። በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ። ከታመሙት ከፊሎቹ ሞቱ፤ ከፊሎቹ ተረፉ።

«ዕጣን መድኃኒት ነው እንዴ እቴቴ?» አለኝ።

«አይመስለኝም። የጠቀመው መስኮቱ ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን አጠነ?»

መልስ አልነበረኝም። ታሪኩን የነገረን ራሱ ብሩስ መሆኑንም አልዘነጋሁም፤ ለባሕታዊው ማን ይመስክርለት? የሁለቱም ልፋት ፈንጣጣን አላጠፋም። ያጠፋው ክትባት ነው፤ በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የታየው በ1968 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። ክታብና ክትባት የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው፤ አንዱ በብራና፣ አንዱ በቆዳ ላይ ይጻፋል። ይህን ለልጁ አልነገርኩትም። ክታብ የሚለው ቃል ለእኔ ከባድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገባን። ጣሪያው ላይ የተሳሉት መላእክት ወደ ታች ሲያዩን ልጁ ሊቆጥራቸው ሞከረ፤ አንገቱን ሲያመው ተወው። ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይህን ያተረፉት ከግቢው የወጡ ንቦች ናቸው ይባላል። ልጁ «እውነት ነው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ሌሎቹ ሲቃጠሉ ይህ መትረፉ እውነት ነው። ንቦቹን ያየ ሰው ግን አላጋጠመኝም» አልኩት።

ልጄ ከኋላዬ ነበረች። «ያላየሽው ሁሉ የለም ማለት ነው?» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ አንቺ ይድናል ብለሽ አታምኚም። ለዚህ ነው መርፌውን የሙጥኝ ያልሽው።»

ዘበኛው እንድንወጣ እስኪነግረን ድረስ አልመለስኩላትም። እኔ ቆራቢ ነኝ። ጠዋት ሳልጸልይ ከቤት አልወጣም። እግዚአብሔር ያሻውን ማድረግ እንደሚችል አምናለሁ። ነገር ግን አርባ ዓመት የሕመምተኛ ካርድ ስገልጥ የኖርኩ ሰው ነኝና «ይድናል» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። እሷ ደግሞ «ዕድሜ ልኩን» የሚለውን ቃል መሸከም አቅቷታል። ሐኪሙ ያንን ቃል የተናገረ ዕለት ፊቷን አይቻታለሁ። በዚያ ላይ የሚሰጣት ሌላ ነገር አልነበረውም፤ እኔም አልነበረኝም። ተስፋ የሰጣት ያ አጥማቂ ብቻ ነው።

የጥምቀቱን ነገር የጎንደር ሰው ብዙ ጊዜ ጽፎታል፤ እኔ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ። ከቀሃ ወንዝ በተሳበ ውኃ የተሞላው የአፄ ፋሲል መዋኛ፣ ግንቡን የያዙት የዛፍ ሥሮች፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተቋረጠው ዝማሬ እንደ ድሮው ናቸው። ጎህ ሲቀድ ውኃው ተባረከና ወጣቱ ሁሉ እየዘለለ ገባ። የልጅ ልጄ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ብርድና ሩጫ ስኳሩን ድንገት ሊጥለው ይችላል። ጣቱን ወግቶ ለካ፤ ደህና ነበር። ሁለት ፍሬ ስኳር ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ «ግባ፤ አፍህን ግን ዝጋ» አልኩት። ያ ሁሉ ሕዝብ የገባበት ውኃ መሆኑን ነርስነቴ አስታውሶኝ ነው። ሲወጣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይስቃል። ታሞ ከተኛ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም። እናቱም እኔም አለቀስን፤ ምናልባት በተለያየ ምክንያት።

ሰኞ ጥር 13 ሚኒባስ ተሳፈርን። ወለቃን አልፎ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ ኮሶዬ ላይ ገደሉ ድንገት ይከፈትና የቆላው አገር በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል። ከዚያ በኋላ ወገራ ነው። የገብስ ክምር፣ አውድማ ላይ የሚዞሩ በሬዎች፣ ባሕር ዛፍ፣ ጋቢ የተከናነበ እረኛ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ ደባርቅ ሲደርስ 2,800 ይጠጋል። ብርዱ ያስታውቃል።

በዚያ መንገድ ዳር አንድ ጤና ጣቢያ አለ። ልመረቅ ስል በቡድን ለተግባር ልምምድ የወጣነው እዚያ ነው። አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ትኩሳቱ ያቃጥላል፣ ደረቱ ሲተነፍስ ይሰረጉዳል፤ የሳንባ ምች ነው። አንገቱ ላይ በጥቁር ክር የታሰረ ክታብ ነበር። መቀስ አነሳሁና ቆረጥኩት። «ልጅሽን የሚገድለው እንዲህ ያለው ነገር ነው» አልኳት፤ ሰው እየሰማ። ፔኒሲሊኑን ወጋሁት። መርፌው በሚቀጥሉት ቀናት መደገም ነበረበት። ሴትዮዋ ክታቡን ከመሬት አንስታ፣ ልጇን አዝላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምንጭ ሊያጎለብቱ ወደ ቀበሌዋ የሄዱት ሳኒታሪያን ጓደኞቼ ልጁ መቀበሩን ሰምተው መጡ።

መድኃኒቱም መጠኑም ትክክል ነበር። ሚኒባሱ ያንን ግቢ ሲያልፍ ልጄ ትከሻዬ ላይ አንቀላፍታ ነበር፤ እኔም እንዳላነቃት ተጠነቀቅሁ።

ከአምባ ጊዮርጊስ አልፈን ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ላይ ወረድንና አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ደብሩን በስሙ አልጠራውም፤ ለጠበልተኛ ማረፊያ ያሉት ጥቂት የጭቃ ቤቶች በጋዜጣ አንብቦ የሚመጣውን አይችሉም። ጠበሉ ከቋጥኝ ሥር በቀጭኑ ይወርዳል። ጠዋት ዳሩ ላይ በረዶ ይሠራል። አጥማቂው አንድ አረጋዊ ቄስ ናቸው። ማታውኑ ልጄ ፊታቸው ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከነገ ጀምሮ መርፌውን እንደምታቆም ጭምር።

«ማን አቁሚ አለሽ?» አሏት።

«አንድ አባት ናቸው፤ አዲስ አበባ።»

ብዙ ቆዩ። የምፈራው «እውነት ብለዋል» እንዳይሉ ነበር። እንደዚያ የሚሉ አሉ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በግልጽ አስተምረው ነበር፤ ሆኖም ይኸው ዛሬም «አንዱን ምረጡ» ይባላል።

«ጌታ ለምጻሞቹን ሲያነጻቸው ምን አላቸው?» አሉ በመጨረሻ። «ሄዳችሁ ራሳችሁን ለካህን አሳዩ ነው ያላቸው። ያን ጊዜ መዳንን መርምሮ የሚመሰክረው ካህን ነበር። ዛሬ የደም ምርመራ እኔ አላውቅም። ልጅሽ ቢፈወስ ሐኪሙ አይቶ ያቁምለት። እኔ አላቆምም፤ አንቺም አታቁሚ።» ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ስለ ሐኪም የተጻፈውን እንድታነብም መከሯት።

ሁሉም በዚህ አላለቀም። በደብሩ ሥርዓት ጠበልተኛው የሚቀምሰው ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ነው። እኔም «አባቴ፣ ይህ ልጅ እስከ ስድስት ሰዓት ባዶ ሆዱን አይችልም፤ መርፌው ሳያንስ ጾም ሲጨመርበት ይጥለዋል» አልኳቸው። ሥርዓቱን ለማንም ለውጠው እንደማያውቁ ፊታቸው ይናገራል። ተከራከርን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከሰልፉ ፊት ቆሞ ቀድሞ እንዲጠመቅ፣ ወዲያው ቁርሱን በልቶ እንዲወጋ ተስማማን። «ከመጠመቁ በፊት ቢደክመውስ?» አልኩ። «ስኳሩን ይቅመስ እናቴ፤ ሕፃን ታሞ አይጾምም» አሉኝ። ይህን ለማለት ግን ጥቂት ጊዜ ፈጅቶባቸዋል፤ እኔም የአውቶቡስ ድካም ይዞኝ ድምፄን ሳላነሳ አልቀረሁም።

በጎንደር ከሙቀት ስጠብቀው የነበረው መድኃኒት ወገራ ላይ ሌላ ጠላት ገጠመው። ኢንሱሊን አንዴ ከረጋ ይበላሻል፤ ቀልጦም አይጠቅምም። ስለዚህ ሁለቱን ጠርሙሶች በብብቴ ይዤ አድር ጀመር። በሁለተኛው ምሽት ይህን ያየ አንድ ጎረቤታችን ሳቀብኝ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ገብስና ባቄላ የሚያርስ ሰው ነው። ከማረፊያው ጥግ ማሰሮ አመጣ፤ በውስጡ አሸዋ፣ በአሸዋው መሃል በላስቲክ የተጠቀለለ ጠርሙስ። እሱም ኢንሱሊን ተወጊ ነው።

ከተማ ላይ ስኳር የጥጋበኛ በሽታ ይመስለናል። የጎንደር ሐኪሞች ግን ኢንሱሊን ካልተወጉ ከማይኖሩት የገጠር ሕመምተኞቻቸው ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድሃ፣ ወጣት ገበሬዎች መሆናቸውን ካስተዋሉና ከጻፉ ቆይተዋል። ክትትሉንም ሆስፒታል ላይ ብቻ ሳይዙ በገጠር ጤና ጣቢያ ላሉ ነርሶች አስተምረው አውርደውታል፤ ሰውየው በየወሩ የሚታየው እንደዚያ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ይህን ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮራሁ። እኛ በእግራችን የጀመርነው ሥራ ነው።

ልጄ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። «ትተኸው አታውቅም?» አለችው።

«ሦስት ቀን ትቼዋለሁ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሌላ ጠበል ቦታ። በአራተኛው ቀን የነቃሁት ጎንደር ሆስፒታል ነው። ወንድሞቼ በቃሬዛ ነው እስከ መኪና መንገድ ያወጡኝ።»

«ታዲያ አሁን ለምን መጣህ?»

ማሰሮውን ወደ ጥጉ መለሰና ቁጭ አለ። «መርፌው ስኳሬን ይዞልኛል እህቴ። ሌሊት የሚያስፈራኝን አልያዘልኝም።»

ከእኔ ንግግርና ከቄሱ ትምህርት ይልቅ ይህ የገባት ይመስለኛል። በማግስቱ ጠዋት ልጁ ከጠበሉ እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ በጋቢ የጠቀለለችው እሷ ናት፤ በሶውንም በጠበጠችለት። መርፌውን ግን አላየችም፤ ፊቷን ወደ ቋጥኙ አዞረች። እኔም ምንም አላልኩም። አባቶቻችን ዘመን ቢሆን ይህ ልጅ ወራት አይቆይም ነበር፤ ኢንሱሊን ካናዳ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1922 ነው፤ ያኔ ገና መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ይህንን ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። የምታውቀውን ነገር በሌላ ቁጥር ብነግራት ምን ይጨምርላታል? ይልቅ ከአጠገቧ ቆሜ ጸበሉን ጠጣሁ። ለእሷ ስል አይደለም። ለዚያች ክታቧን ከመሬት ላነሳችው እናት በስሟ ባላውቃትም ስሟን እግዚአብሔር ያውቀዋል ብዬ ነው።

ሰባቱ ቀን እንዲህ አለፈ። ልጁ ከዲያቆናቱ ጋር ኳስ ተጫወተ፤ ግዕዝ ቆጠረ፤ አንድ ሌሊት ስኳሩ ወርዶበት በላብ ተጠምቆ ነቃና ነጠላዬ ላይ የተቋጠረው ስኳር ጠቀመ። ልጄ ስለቷን አደረሰች፤ ጃንጥላ ሰጠች። ስንሰናበት ቄሱ ግንባሩን በመስቀል ዳበሱና «ለሐኪምህ ሰላምታዬን ንገር» አሉት። የማሰሮው ባለቤት እስከ አስፋልቱ ድረስ ጀሪካኑን ተሸክሞ ሸኘን።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ መኪና እስኪሞላ ሻይ ቤት ገባን። ጀሪካኑ እስከ አፉ ሞልቶ ከጠረጴዛው ሥር ነው። ልጁ ምግብ ከመቅረቡ በፊት መለኪያውን አወጣ፤ ጣቱን ወጋ፤ ጠብታዋን አስነካ። እናቱ ከተሳለችበት ቀን አንስቶ ወደዚያ መለኪያ ዓይኗን ጥላ አታውቅም ነበር።

«ስንት ሆነ?» አለችው።

«መቶ ሰማንያ ስድስት።»

«ከጠዋቱ ይሻላል?»

«ትንሽ ይሻላል።»

ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች።